በወረቀት ላይ የሰጠመ ሩዝ

ሸዋዓለም ባየህ ማርቆስ፣ ዕድሜ ሠላሳ ስድስት። በፍርድ ቤት መዝገብ «አመልካች» ተብላ የተጻፈችው ይህች ሴት የምትኖረው ወረታ ውስጥ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚገናኙበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከወይዘሮ ሀዲያ ሱቅ ጀርባ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው። ሦስት ልጆች ከእሷ ጋር አሉ፤ የአሥራ አምስት ዓመቷ መሠረት፣ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅና ገና አራት ዓመት ያልሞላት ታናሽ። ሥራዋ በሩዝ መፈልፈያ ቤት ተቀምጦ ከተፈለፈለው ሩዝ ውስጥ ጠጠርና ስባሪ መልቀም ነው። የሚከፈላት በኩንታል ስለሆነ መፈልፈያው ሲቆም የእሷም እጅ ባዶ ይሆናል።

ጉዳይዋ ባጭሩ ይህ ነው። የልጆቿ አባት የሚከፍለው ቀለብ ከእውነተኛ ገቢው ተነሥቶ ካልተወሰነ የክፍሏን ኪራይ መክፈል አትችልም። ኪራዩን ካልከፈለች ወደ ተወለደችበት የፎገራ ሜዳ መንደር ትመለሳለች። እዚያ ከስምንተኛ ክፍል በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የገባችው መሠረት ደብተሯን አስቀምጣ ባል የሚመጣበትን ቀን ትጠብቃለች ማለት ነው። ይህ ግምት አይደለም፤ ጠያቂው ቤተሰብ ከወዲሁ ስሙን አሰምቷል።

ከማረው ጋር በትዳር የኖረችው አሥራ ሰባት ዓመት ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያርም ሰው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ወገቡን አጥፎ፣ አልቅት ከእግሩ እያላቀቀ ይውላል። ሸዋዓለም ሦስቱንም ልጆች በሆዷ ይዛ ይህን ሠርታለች። በበጋ ማረው ከርብ ወንዝ በሞተር ውሃ ስቦ ሽንኩርት ሲያለማ፣ ቦዩን እየተከተለች በዶማ የምትከፍተውና የምትዘጋው እሷ ነበረች። ሽንኩርቱን በአይሱዙ ጭኖ ሐሙሲት ከተማ ወስዶ የሚሸጠው ግን እሱ ነበር። አንድ ዓመት ለሽያጭ ሄዶ ሳምንት ቆየ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወር ቆየ፤ በሦስተኛው ዓመት እዚያው ሌላ ቤት አቁሞ፣ ሌላ ሴት አስቀምጦ ተገኘ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ መከሩ፣ ታገሺ አሉ። ሸዋዓለም አልታገሥም አለች። በዚህ ጸሐፊ ግምት በሕይወቷ ከወሰደቻቸው ውሳኔዎች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው።

መሬቱ ማረው ከጋብቻው በፊት ከአባቱ የወረሰው ስለሆነ ለእሷ አልደረሳትም። ከጋራ ንብረት ግማሽ ድርሻዋ ተብሎ የተሰጣት አንዲት ላምና የአሮጌ ቆርቆሮ ግምት ነበር። ላሟ ተሸጠች፤ ገንዘቧ በአምስት ወር አለቀ። የቀረው የልጆች ቀለብ ብቻ ነው፤ እሱም የእሷ ሳይሆን የልጆቹ መብት ነው። ይህን ልዩነት የማይገነዘቡ ሰዎች በወረታ ሻይ ቤቶች ውስጥ «የሰው ገንዘብ ፈልጋ ነው» እያሉ ሲያወሩ ይሰማሉ። ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጥ ጨዋ መልስ የለም።

ሕጉ ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። ቀለብ የሚወሰነው ሁለት ነገሮች ተመዝነው ነው፤ በአንድ በኩል ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው፣ በሌላ በኩል የከፋዩ አቅም። አባትየው መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን ደመወዙ በደብዳቤ ይጠየቃል፣ ድርሻው በየወሩ ተቆርጦ ይላካል፣ ነገሩ ያበቃል። አባትየው ገበሬ ሲሆን ግን ደመወዝ የለውም፤ አቅሙን የሚናገረው የቀበሌ ደብዳቤ ነው። ስድስት ጥማድ ሩዝ የሚያጭድ፣ የበጋ ሽንኩርት የሚሸጥ፣ ሦስት በሬና አምስት ላም ያለው፣ ሁለት ቤት የሚያስተዳድር ሰው፣ አንድ የቀበሌ ጸሐፊ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በሚጽፋት ግማሽ ገጽ ችግረኛ ሊሆን ይችላል። ማረውም ሆነ።

ለፍርድ ቤቱ የደረሰው ደብዳቤ እንዲህ ይል ነበር፤ «ግለሰቡ በጎርፍ ተጎጂነት የተመዘገበ፣ የእርሻ መሬቱ በየዓመቱ በውሃ የሚጠቃና ከእርዳታ የሚጠቀም አርሶ አደር መሆኑን እንገልጻለን።» ፍርድ ቤቱ በእጁ ባለው ማስረጃ ተመሥርቶ፣ የመጨረሻው ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ፣ ለሦስቱ ልጆች በወር ዘጠኝ መቶ ብር እንዲከፈል በጊዜያዊነት አዘዘ። ለአንድ ልጅ በቀን አሥር ብር ይደርሳል። የክፍሏ ኪራይ ብቻ አንድ ሺህ አራት መቶ ነው። አሥር ብር ይዞ ወረታ ገበያ የገባ ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ ያንን ደብዳቤ የጻፈው እጅ በሚገባ ያውቃል፤ ያው እጅ በዚያው ገበያ ይሸምታልና።

እዚህ ላይ ቁጣችንን በማረው ላይ ብቻ አራግፈን ብናልፍ ይቀልል ነበር። ነገር ግን ደብዳቤው ከየት እንደመጣ መነገር አለበት።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ፣ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። ጤፍና ዳጉሳ የዘሩ ሰዎች ባዶ ቀሩ። ሩዝ ግን ውሃ ይወዳል፤ ጎርፉ ቶሎ እስከሸሸ ድረስ ቆሞ ይጠብቀዋል። ይህን በሜዳው ላይ የተወለደ ሕፃን ያውቀዋል፤ ተጎጂ ሊመዘግቡ ከከተማ የመጡት ሰዎች ግን ወይ አላወቁትም፣ ወይ ማወቅ አልፈለጉም። ከቀበሌው ጸሐፊ ጋር ከመንገዱ ዳር፣ ደረቁ ላይ ቆመው፣ ሰውን በየተራ እየጠሩ ይጽፉ ነበር። ማረው አፍሮ ወደ ኋላ ቀረ። ወደ ፊት የሄደችው ሸዋዓለም ናት።

«ስንት ጥማድ ነው?» አላት መዝጋቢው።

«ስድስት። ስድስቱም ሐይቅ ሆኗል ጌታዬ! ታንኳ ካልሆነ አይገባበትም። ወርደው ይዩት እንጂ!»

ሰውየው ጭቃውን ተመለከተ፤ ጫማውን ተመለከተ፤ ከዚያ «ሙሉ በሙሉ የወደመ» ብሎ ጻፈ። ሸዋዓለም አነበበችውና ፈረመች። የቀለም ሰው አይደለችም፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ግን ተምራለች፣ የፈረመችውንም አውቃ ነው የፈረመችው። ማረው ወደ ቤት ሲመለሱ በሣቅ ሞተ።

«አንቺ ሴት፣ ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ታወጫለሽ አይደል!»

«ሌላው ሁሉ እያስመዘገበ እኛ ብቻ ጻድቅ እንሁን?» አለችው። አብረው ሣቁ።

በሦስት ዙር ስንዴና ዘይት ወሰዱ። በታኅሣሥ ደግሞ ከዚያው «ሙሉ በሙሉ ከወደመው» ማሳ ሠላሳ አራት ኩንታል ሩዝ ወቁ። ስንዴው የእውነተኛ ተጎጂ ድርሻ ነበር፤ ያንን ቀን የሠራችው ሥራ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም ሊሰጠው አይገባም። ይህንን የምንለው እሷን ለማቃለል አይደለም፤ ለራሷም ከዚህ የለሰለሰ ቃል አትጠቀምም። ነገር ግን አንድ ውሸት አራት ዓመት የኖረው በእሷ ብርታት አልነበረም። ጸሐፊው በየዓመቱ የአምናውን መዝገብ እየገለበጠ፣ አንድም ቀን ማሳ ላይ ሳይወርድ፣ ቀኑን ብቻ እየቀየረ ስላጸደቀው ነው። ማረው ከቤቱ ከወጣችው ሚስቱ ጋር ሲካሰስ ያ መዝገብ እንደ መልካም ውርስ ቆየው።

ሸዋዓለም ደብዳቤውን ካየች በኋላ በማግስቱ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደች።

«የጻፋችሁት ሐሰት ነው፤ ይታረምልኝ» አለች።

«የቱ ነው ሐሰቱ?» አለ ጸሐፊው፣ ከወንበሩ ሳይነሣ።

«በጎርፍ ይጠፋል የሚለው። ማረው ምን እንዳለው እርስዎ ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት ሽንኩርቱን ሲጭን አይሱዙው የቆመው እዚሁ በርዎ ላይ ነው!»

ጸሐፊው መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ዳሩ የተበላ መዝገብ አወጣ፤ ገጹን ገልጦ ጣቱን አሳረፈበት።

«ይህች ፊርማ የማን ናት?»

«የእኔ ናት።»

«ማንበብ ትችያለሽ አሉ። እስቲ አንብቢልኝ።»

አላነበበችም።

«እንግዲህ እታለም፣ የዋሸሽው ያኔ ነው ወይስ ዛሬ? አንዱን ምረጪና እኔም አንዱን ልጻፍ» አለና መዝገቡን ዘጋ። በረንዳው ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሣቁ።

ጥያቄው በራሱ ጥሩ ጥያቄ ነበር። የጠያቂው ድፍረት ግን አንጀት ያሳርራል። መሬቱን አይቶ መመስከር ሥራው የሆነ፣ ለዚያም ደመወዝ የሚበላ ሰው፣ አራት ዓመት ሙሉ ያላየውን አይቻለሁ ብሎ ማኅተም ሲመታ ኖሯል። ራሱ ስለ ሥራው ሊጠየቅ ሲገባው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ አንዲትን የሦስት ልጆች እናት በእውነትና በሐሰት ይመረምራል!

ማረው በፍርድ ቤቱ ግቢ ሲያገኛት የተናገረው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። አዲስ ጃኬት ለብሶ፣ ከአጎቱ ጋር በጥላው ሥር ቆሞ ነበር።

«እመቤት ሸዋ! ጎርፉን ያስመዘገብሽው አንቺ፤ አሁን እንግዲህ አንቺው አድርቂው!»

«ልጆችህ ናቸው ማረው።»

«የእኔ ከሆኑ እኔ ጋ ይምጡ። መሠረት ሐሙሲት መጥታ ሕፃን ትያዝልኝ። ምግብ አለ፣ ቤት አለ። ለከተማ ኪራይ ግን የማወጣው ሳንቲም የለኝም፤ ተጎጂ ነኛ!»

አጎትየው ሣቁን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። ይህ ሰው ከዓመት በፊት «ታገሺ» ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ ነበር።

ወይዘሮ ሀዲያ ይህን ስትሰማ ሚዛኗ ላይ የነበረውን ስኳር ትታ ወጣች። ባሏ ሳልህ ከሞተ ጀምሮ ሱቁን ለብቻዋ የምታስተዳድር፣ ስለ ኪራይ ቀን ምሕረት የማታውቅ ሴት ናት።

«ድሃ ነኝ አለ? ድሃ ሁለት ሚስት ያኖራል? እኔ ነጋዴዋ አንድ ባል እንኳ ማቆየት አቅቶኝ!»

«መዝገቡ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ ሀዲያ።»

«ታዲያ ዋሽቻለሁ በያ! ምን ያደርጉሻል? ስንዴውን ከሆድሽ አያወጡት።»

«ሊከሱኝ ይችላሉ።»

«ይክሰሱሽ። አንቺ ስትታሠሪ ልጆቹ እኔ ጋ ይበላሉ፤ ኪራዩን ግን ከባልሽ እቀበላለሁ፤ ሱቄን ዘግቼ ሐሙሲት ድረስ!» ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁለት ወር እታገሥሻለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም፤ እውነቴን ነው።»

ሸዋዓለም ለመናገር ቆርጣ ሳለ ገበያው የሚባለው ወንድሟ መጣ። የገበያ ቀን ነበር፤ ነገር ግን የሚሸጥም የሚገዛም ይዞ አልመጣም። በሩ ላይ ቆሞ፣ ግባ ብትለውም ሳይገባ፣ ተናገረ።

«ሸዋ፣ በፍርድ ቤት መዝገቡ ውሸት ነው ልትይ ነው አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ማረው ነዋ። አገሩን እየዞረ ‹የገበያው እህት ስንዴውን ልታስቆም ነው› ይላል። ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው።»

«እሱ ሲበላ ማንም አላየውም?»

«ስሚኝ እንጂ እቱ። ያኔ ውሸት ነበር፤ አልካድኩም፣ እኔም አስጽፌያለሁ። ዘንድሮ ግን እውነት ነው! ርብ ግድቡን ሰብሮ የመጣው እኔ ላይ ነው። ውሃ ቢሆን ሩዙ ይችለው ነበር፤ ደለል ነው የደፋበት፣ እስከዚህ!» ጉልበቱን አሳየ። «አንዲት ቡቃያ አትታይም። መዝገቡ ውሸት ነው ከተባለ የእኔን ለይቶ የሚያይ አለ? ጠቅልለው ነው የሚሰርዙን። አምስት ልጆች አሉኝ።»

«አውቃለሁ። የእኔስ ልጆች?»

ገበያው ወደ ክፍሉ ተመለከተ። መሠረት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የሒሳብ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ እንደዘረጋች ነበር፤ አጎቷን ቀና ብላ አላየችውም።

«እነሱም የእኔ ናቸው» አለ። ዞሮ ወደ መንገዱ ሄደ።

ገበያው የተናገረው ሐሰት የለበትም። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ደም የሚያፈላው ይህ ነው። መዝገብ ሲፈጠር እውነተኛውን ተጎጂ ከአስመሳዩ እንዲለይ ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከጠረዛቸው በኋላ ግን አስመሳዩን የነካ ተጎጂውንም ይነካል። ማረው ይህን ተረድቶታል። ራሱን የሸሸገው ከወረቀቱ ኋላ ሳይሆን ከገበያው አምስት ልጆች ኋላ ነው።

ችሎቱ የተሰየመው በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ነበር። ዳኛው የቀበሌውን ደብዳቤ አንብበው አመልካቿ የምትቃወም ከሆነ በምን ማስረጃ እንደምትቃወም ጠየቁ። ሸዋዓለም ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደብዳቤው የተጻፈበት መዝገብ ሐሰት ነው። ያን ዓመት ሩዛችን አልጠፋም። ጠፋ ብዬ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማውም የእኔ ነው።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። የተናገረችው በወንጀል ሊያስጠይቃት እንደሚችል ነገሯትና ገብቷት እንደሆነ ጠየቋት። ገብቶኛል አለች።

ማረው ሳይፈቀድለት ተነሣ። «ይኸው ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከራሷ አፍ ሰሙ! ለመንግሥት የዋሸች ሴት ለእኔ ልትራራ ነው? ያኔ የዋሸች ዛሬም ትዋሻለች።»

«ይቀመጡ» አሉ ዳኛው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «በዚያ ዓመት ስንት ኩንታል ተወቃ?»

«ሠላሳ አራት።»

«ይህ የእርስዎ ቃል ነው። እርስዎ ተከራካሪ ነዎት፤ ቃልዎ ብቻውን አይበቃኝም። መሬቱን ባለሙያ እንዲያየው አዝዤ ነበር፤ መንገዱ በጭቃ ስለተዘጋ እስከ ጥር አንደርስም የሚል መልስ መጥቷል። እስከዚያ አጨዳውም ውቂያውም ያልቃል። ሲወቃ የነበረ፣ ጆንያውን የቆጠረ ሌላ ሰው አለ?»

ዳኛው ጥያቄውን ደገሙት። ፎገራ ላይ ማንም ብቻውን አይወቃም፤ ሰው በወንፈል ይጠራራል፣ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን ያነሣል። በዚያ ታኅሣሥ ግን ማረው ጎረቤት አልጠራም ነበር፤ ጠፋ ተብሎ የተመዘገበውን ሩዝ የሚያይ ዓይን እንዲበዛ አልፈለገም። በአውድማው ላይ ከባልና ከሚስት ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«አለ» አለች በመጨረሻ። «ወንድሜ። ጆንያውን የሰፋውም ቤት ያስገባውም እሱ ነው።»

ዳኛው ገበያው ባየህ በኅዳር አሥራ ሁለት ቀርቦ እንዲመሰክር አዘዙ። እስከዚያው ዘጠኝ መቶው ብር ባለበት ይቀጥላል። የቀበሌው ጸሐፊ እንዲቀርብ የጠየቀ ሰው የለም፤ ሕግ የማታውቀው ሸዋዓለም አልጠየቀችም፣ የሚያውቁትም አልጠየቁላትም። መጥሪያውን ለገበያው ያደረሰው ያው ጸሐፊ ነው፤ ሲሰጠው «መልካም ምስክርነት» ብሎ ተሳለቀበት ይባላል። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ የዘንድሮው የስንዴ ስርጭት «ማጣራት እስኪደረግ» በሚል በዚያ ቀበሌ እንዲዘገይ ተደረገ። ለማጣራትም እስከ ዛሬ ማሳ የወረደ የለም።

ገበያው ከእህቱ ጋር አይነጋገርም። ሸዋዓለም በመፈልፈያው ቤት ጠጠሯን ትለቅማለች። ወይዘሮ ሀዲያ ከሰጠቻት ሁለት ወር አንዱ አልቋል። መሠረት ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ማታ ስትመለስ ጠያቂ እንደመጣና እንዳልመጣ እናቷን በዓይኗ ትመረምራለች።

ገበያው ያየውን ከተናገረ፣ እሱም በዚያው መዝገብ በሐሰት የገባ መሆኑ ይጋለጣል፤ ማሳው በደለል የተቀበረበት የዘንድሮ እውነቱም ከቀድሞው ውሸት ጋር ይሰረዛል፤ አምስት ልጆቹ ስንዴያቸውን ያጣሉ። አላየሁም ካለ፣ የማረው ድህነት በፍርድ ይጸድቃል፤ የእህቱ ልጆች በቀን አሥር ብር ይኖራሉ፤ መሠረትም ለጠያቂዋ ትሰጣለች። አንባቢ ሆይ፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ጠዋት እጅዎን አንሥተው ሊምሉ የቆሙት እርስዎ ቢሆኑ፣ ከስምንቱ ልጆች የትኞቹን አሳልፈው ይሰጣሉ?